ብረት አለብዎት?

ከማሽኑ ክፍል ደጃፍ ላይ አምስት ሰዎች ነበርን። ባለቤቴ ሻምበል መሀል ላይ፣ ለምርመራ የሚሰጠውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሶ፣ በግራ እጁ ከዘራውን ይዞ። እኔ ከኋላው፣ ኮቱንና ጫማውን ታቅፌ። ዘበኛው ባሻ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ አንድ እግሩ ውጭ፣ አንድ እግሩ ውስጥ። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ከመስታወቱ ወዲያ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጦ። ሎኮ ደግሞ በሩ ላይ፣ ክንዷን ከመቃን እስከ መቃን ዘርግታ። ያንን ክንድ እስክታነሳ ድረስ ማንም አያልፍም።

ባለፈው ክረምት ወንድሟ ጉዮ ከዱብሉቅ ደውሎ “እትዬ፣ ሎኮን አጣናት” ሲለኝ መጀመሪያ የታየኝ ያ ክንድ ነው። ታማ ነበር፤ ለብዙ ሰው አልተናገረችም። እዚያው ዱብሉቅ ቀበሯት። ጉልበቴ ያንን ሁሉ መንገድ ስለማይችል ቀብሯ ላይ አልቆምኩም። ስለዚህ የማውቀውን እጽፋለሁ።

ነገሌ የመጣችው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህርት ሆና ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራየች። ሻምበል የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ወደ ጎጃም አልተመለሰም፤ ከጦር ካምፑ በታች ወፍጮ ተክሎ እዚሁ ቀረ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። ልጅ የለንም። ግቢው ጸጥ ያለ ነበር።

በመጣች በማግስቱ በወፍጮ ቤቱ በር ስታልፍ ቆማ በኦሮምኛ ሰላም አለችው።

“አካም ቡልተን፣ ሻምበል? ናጋ?”

“ናጋ፣ ናጋ። እግዚአብሔር ይመስገን።”

“ወፍጮው ጤፍ ሲፈጭና በቆሎ ሲፈጭ ድምፁ ለምን ይለያያል?”

“ያ ጤፍ፣ ይሄ በቆሎ ስለሆነ ነዋ!”

“እሱማ ስማቸው ነው። እኔ የጠየቅኩት ምክንያቱን ነው።”

ሻምበል ሰው ሲመልስበት አይወድም ነበር። የሚያስፈጩት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ያዙ። እሱ ግን ለምሳ ሲገባ እጁን እየታጠበ፣ “የድንጋዩ ክፍተት ይመስለኛል” አለ። ስለ ምን እንደሚያወራ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ስሟ “ወይዘሪት ለምን” ሆነ። ከወፍጮ ቤቱ ሆኖ፣ “ወይዘሪት ለምን መጣች! መልስ የሌለው ይደበቅ!” ብሎ ይጮኻል። እሷም ሳትቆጣ ትገባለች።

አንድ ነገር አልጣጣም ሲላት የጆሮዋን ጫፍ ይዛ “ቆይ፣ ቆይ” ትል ነበር። ማንም አይናገራት፣ ግን “ቆይ” ትላለች፤ ነገሩን ራሱን እንደምታቆመው ሁሉ። ጉርሻ በእጇ ይዛ ስትቆም አይቻታለሁ። መንገድ ስታቋርጥም እንዲሁ ቆማ፣ የጭነት መኪና ሹፌር በሁለት ቋንቋ ሰድቧታል።

ማስተማሩን ትታ የምርመራ መሣሪያ ሙያ ልትማር አዲስ አበባ ስትሄድ እናቷ አልወደዱትም። እኔም ጠየቅኳት።

“መምህርነት ምን ጎደለው?”

“ምንም አልጎደለው፣ እትዬ። ግን ማግኔትን በጠመኔ ነው የምስለው። እውነተኛውን ማየት እፈልጋለሁ።”

አየችው። ተመርቃ ሐዋሳ አንድ የግል ምርመራ ቤት ገባች፤ ኤም አር አይ የሚሉት ማሽን ያለበት። ዱብሉቅ እናቷን ለመጠየቅ ስትወርድ ነገሌ መንገዷ አይደለም። ቢሆንም በቦሬ በኩል ዞራ ትመጣና አንድ ሁለት ቀን ትቀመጣለች። ሻምበል ዞራ እንደምትመጣ ያውቃል፤ “ስታልፊ ነው እንዴ ጎራ ያልሽው?” ይላታል። “ኤዬን፣ ሳልፍ ነው” ትለዋለች።

ሥራዋን ያስረዳችኝ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀምን ነው። ማሽኑ ፎቶ የሚያነሳ ይመስለኝ ነበር።

“አያነሳም” አለች። “ይጠይቃል። ሰው አብዛኛው ነገሩ ውሃ ነው አይደል? ውሃው ውስጥ እንደ ኮምፓስ መርፌ ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች አሉ። ሰውየው ትልቁ ማግኔት ውስጥ ሲገባ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። እኔ በሬዲዮ ሞገድ ገፋ አድርጌ እጥላቸዋለሁ። ከወደቁበት ሲነሱ ድምፅ ይሰጣሉ፤ የምናዳምጠው ያንን ነው። ጮማ ውስጥ ያሉት ቶሎ ይነሳሉ። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያሉት ይለግማሉ። መቼ እንደምገፋና መቼ እንደማዳምጥ የምወስነው እኔ ነኝ። ባንድ ዓይነት አጠያየቅ ጮማው ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ በሌላው ውሃው ነጭ ይሆናል።”

“ሰውየው ያው ሰው ሆኖ?”

“ሰውየው ያው ሰው ሆኖ። የተለያየው ጥያቄው ነው።”

ይህን ብዙ ጊዜ ስትናገረው ሰምቻለሁ፤ ስለ ማሽኑም፣ ስለ ሰውም።

አንድ ጊዜ ስትመጣ ጆሮዋን ይዛ ነው ከአውቶቡስ የወረደችው። ጭንቅላትን በምስል እንደ ዳቦ ይቆርጡታል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ይታያል። አንዲት ቁራጭ ብቻዋን ስትነሳና ከብዙ ጎረቤቶቿ ጋር ተከታትላ ስትነሳ አንጎሉ እኩል አይነጣም፤ ከጎረቤቶቿ ጋር ስትነሳ ደብዘዝ ይላል።

“ጎረቤቷን ነው የመታሁት፤ እሷን አልነካኋትም” አለች። “ለምን ትደበዝዛለች? ማሽኑን ሊጠግን የመጣውን ኢንጂነር ጠየቅኩት። ‘ኖርማል ነው’ አለኝ። ኖርማል መልስ ነው እንዴ?”

“ኧረ ለኛ መልስ ነው” አለ ሻምበል። “እኛ ሠራዊት ውስጥ በኖርማል ነው ያረጀነው።”

ዱብሉቅ ደርሳ ስትመለስ ጆሮዋን ለቃዋለች። አባቷ በሕይወት ሳሉ ከሚቀዱበት ኤላ ወርዳ ነበር። ኤላ የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበሉበታል። ታች ጉድጓዱ ውስጥ ጉዮ ባልዲው ጭቃውን እንዳይነካ ሲጠነቀቅ አየችው።

“እትዬ፣ እዚያ ታች ሁለት ውሃ አለ” አለችኝ፣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ። “የሚቀዳ ውሃና የማይቀዳ ውሃ። የማይቀዳው ጭቃው የያዘው ነው። ባልዲ አያነሳውም፤ ግን ከሚቀዳው ጋር ይነካካል። ጭቃውን ከረበሹት የሚቀዳውም ይደፈርሳል። ሰውነት ውስጥም እንዲሁ ነው! ሥጋው አጥብቆ የያዘው ውሃ አለ፤ ድምፁ ቶሎ ስለሚጠፋ ማሽኑ አይሰማውም። ጎረቤት ቁራጭ ላይ የምልከው ምት የዚህችኛዋን የሚቀዳ ውሃ ይስታል። የታሰረውን ግን አይስተውም፤ እሱ ለሁሉም ጥሪ አቤት ባይ ነው። ምቱን ይቀበልና ድካሙን ለሚቀዳው ያወርሰዋል። ለዚህ ነው የምትደበዝዘው።”

“ይህን ያገኘሽው አንቺ ነሽ?” አልኳት።

“አይ፣ ከኔ በፊት ተገኝቷል። መጽሐፉ ላይ ስም አለው፤ አንብቤው ነበር፣ ግን አልገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ።” መጽሐፉን መቅደሟ ወይም አለመቅደሟ ግድ የሚሰጣት አይመስለኝም ነበር። እንደ ጠገበ ሰው ተደግፋ ተቀመጠች።

ከሁሉም ያሳቀችን ግን የብረት ነገር ነው። ማግኔቱ ቀንም ሌሊትም አይጠፋም፤ ብረት ይዞ የገባ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ማንም ከመግባቱ በፊት መጠየቅ አለበት። ሥራ እንደጀመረች ከቦሬ ወገን የመጡ አንድ ሽማግሌን እንደተማረችው ጠየቀቻቸው።

“አባባ፣ ብረት አለብዎት?”

ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ። “ቤት ነው ያለው” አሉ ዝቅ ብለው። “ፈቃድ አለው።”

ቀጥሎ የገባችው ሴት ደግሞ “የኔ አይደለም፣ የባለቤቴ ነው” አለቻት። በኛ አገር አማርኛ ብረት ማለት ጠመንጃ መሆኑን መጽሐፉ አልጻፈውም።

“በኦሮምኛ ‘ሲቢላ’ ብዬ ስጠይቅ ሰው ኪሱን ይፈትሻል” አለች ሎኮ። “በአማርኛ ‘ብረት’ ስል ጠበቃውን ያስባል።”

ሻምበል እንባው እስኪወርድ ሳቀ። “እኔን ብትጠይቂኝ፣ ‘አስረክቤአለሁ’ ነበር የምልሽ!” አለ። ከዚያ ወዲያ በመጣች ቁጥር፣ “ዛሬስ ስንት ብረት ማረክሽ?” ይላታል።

አንድ የገበያ ቀን ሻምበል ወፍጮው አጠገብ ወደቀ። ቀኝ እጁ ለብቻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ መላ ሰውነቱ። ሴቶቹ ጮኹ። አንዷ ሮጣ ሞተሩን ባታጠፋው ኖሮ ቀበቶው ይይዘው ነበር። ሲነቃ የቀኝ እጁ ጣቶች የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃታቸው። የነገሌ ሐኪሞች ሐዋሳ ላኩን። እዚያ መጀመሪያ የተነሳው ምስል ጭንቅላቱ ውስጥ እብጠት አሳየ። ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነገረን፤ ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ በኤም አር አይ ጠለቅ ብሎ ይታይ፤ ዕጢ ከሆነ አዲስ አበባ ሄዶ ጭንቅላቱ ይከፈታል። በዚህ ዕድሜ መክፈቱ ቀላል እንዳልሆነም ጨመረ።

ሻምበል ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ፣ “እንደ ቆርቆሮ?” አለኝ። እኔ ማታውን ሸሚዙን አጠብኩ።

እንዲህ ሆኖ ነው በማግስቱ ከዚያ በር የደረስነው። ሎኮ በሥራ ልብሷ ሆና ሁለታችንንም ሳመችን፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆማ ክንዷን ዘረጋች። ፊቷ ሌላ ሆነ። ሻምበልን የማታውቀው ይመስል ነበር።

“ሻምበል፣ ብረት አለብዎት?” አለችው። ሆን ብላ በድሮው ቃል ነው።

“አስረክቤአለሁ።”

ባሻ ሳቀ። ሐኪሙም ከመስታወቱ ወዲያ ትከሻው ተነቃነቀ። ሎኮም ሳቀች፤ ክንዷ ግን ከመቃኑ አልተነሳም።

“የተረከበዎት ሰው ደረሰኝ ሰጠዎት?”

“ልጄ፣ አሳልፊኝ። ቀሚስ ለብሼ ሰው ፊት አታቁሚኝ።”

“ጥይት?”

“የለም።”

“ፍንጣሪ?”

“የለም አልኩሽ።”

“ሲቢላ?”

“ሂንጂሩ!” አለ፤ የለም ማለቱ ነው። ከሰላምታ ውጪ ኦሮምኛ የሚናገረው ሲቆጣ ብቻ ነበር።

ሎኮ ወደ እኔ አየች። አልጠየቀችኝም። አየችኝ ብቻ።

“ጀርባው ላይ አለ” አልኩ።

ከግራ ትከሻው አጥንት በታች፣ የአተር ፍሬ የምታህል፣ በጣት ሲነኳት ሸርተት የምትል። ጀርባውን ሳጥበው ስንት ዘመን እጄ አልፎባታል። የት እንደተመታ ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። በካምፑ ሰፈር የቆሰለ ሰው ወሬ ሲመጣ ሴቶቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት፣ “ፊቱን ነው ጀርባውን?” ነበር። ጀርባውን ከሆነ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። ሻምበል ይህን ከኔ በላይ ያውቃል።

ዞሮ አላየኝም። የባሻ ሳቅ ቆመ። ባሻም የድሮ ወታደር ስለነበር ዓይኑን ወደ ግቢው መለሰ።

“ፍንጣሪ ግድግዳ ነጥሮ፣ ድንጋይ ነጥሮ ይመጣል” አለች ሎኮ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው። “ፊትና ጀርባ መርጦ አይመጣም። እኔ የት እንዳለ እንጂ እንዴት እንደገባ አልጠይቅም። ዓይን ውስጥ ወይም አከርካሪ ጥግ ከሆነ ማግኔቱ ይጎትተዋል። ጡንቻ ውስጥ ከከረመ ሥጋው ይዞታል። ራጅ ይነሱና ዶክተሩ ይወስን።”

ራጁ ተነሳ። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ አየው። ከአከርካሪው ራቅ ያለ፣ ጡንቻ ውስጥ የተቀበረ ነው፤ መግባት ይቻላል አለ። ያኔ ብቻ ክንዷ ወረደ። በግራ እጁ የጎማ ኳስ አስያዘችው። “ጀርባዎ ሞቅ ካለዎት፣ ከሳበዎት፣ ይጭመቁ። ‘ወንድ ነኝ’ ብለው እንዳይታገሱ።”

እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። የማሽኑ ድምፅ በግድግዳው ያልፋል። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ እንደሚመታ መዶሻ ነበር፤ ቆመ። ቀጥሎ ወፍራም፣ እንደ መኪና ጥሩምባ የሚጎትት መጣ። ቆመ። ድምፁ በተለወጠ ቁጥር ሌላ ጥያቄ እየጠየቀችው መሆኑን አውቅ ነበር። ምን ብሎ እንደሚመልስላት ግን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዋን ራሴ ብሠራው ብዬ ተመኘሁ።

በመስታወቱ አሻግሬ ሳያት የጆሮዋን ጫፍ ይዛለች። ሐኪሙን ጠራችው። ጎንበስ ብለው አዩ፤ እሱ በጣቱ አሳያት፣ አንድ ነገር ጨምሪ አላት መሰለኝ፣ ራሷን ነቀነቀች። አዲስ ድምፅ ጀመረ፤ ቀጭንና ፈጣን።

ሻምበል ወጥቶ ልብሱን ለበሰ። ሲወጣ ግን መስታወቱ ጋ ቆመ። ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ተከፍተው ነበር። የራሱ ጭንቅላት መሆኑን አውቋል። በአንደኛው ላይ ጥቁሯ ነጥብ ምስር ታህላለች። በሁለተኛው፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ባቄላ ታህላለች።

“የትኛው ነው የሚዋሸው?” አለ።

“አንዱም አይዋሽም” አለች ሎኮ።

“አታሞኚኝ። ትንሹን ልታሳዩኝ፣ ትልቁን ልትደብቁኝ ነው።”

ሐኪሙ አንድ የሥራ ጓደኛውን ለማማከር ስልክ ይዞ ወጥቶ ነበር። ሎኮ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ከዚያ ሻምበልን ክንዱን ይዛ፣ “ግቢ እንውጣ” አለችው። “ባሻ፣ ና እስቲ። እትዬም ይምጡ።”

ሲሚንቶው የሚያልቅበት መስመር ላይ ሦስታችንን አሰለፈችን፤ ባሻ፣ እኔ፣ እሷ።

“ሻምበል፣ አንቱ ያዝዙን። ባሻ በራሱ ርምጃ ይሄዳል፣ እኔ በራሴ፣ እትዬ በራሳቸው። ማንም ርምጃውን አይቀይርም። ከዚያ ወደ ኋላ ይመልሱን።”

ሻምበል ዙሪያውን አየ። ከዚያ ከዘራውን ጎኑ ላይ አጣብቆ ቀጥ አለ።

“ወደ ፊት... ሂድ!”

ያንን ድምፅ ወጣት ሳለሁ ነው የሰማሁት። ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች በመስኮት ብቅ አሉ። ባሻ እንደ ሰልፈኛ እግሩን ወረወረ፤ ሎኮ ከመሀል ቀረች፤ እኔ በጉልበቴ ልክ። ተበታተንን።

“ወደ ኋላ... ዙር!”

ዞርን። አሁን ከመስመሩ በጣም የራቀው ፈጣኑ ባሻ ነው፤ ቅርቡ እኔ። የኔ እግር ሲሚንቶውን ሲረግጥ የባሻ ቦቲ ከግራዬ፣ የሎኮ ጫማ ከቀኜ አረፈ። አንድ ላይ ደረስን። ከመስኮቱ አንድ ሰው አጨበጨበ።

“አየዎት?” አለች ሎኮ፣ ትንፋሿ ቆረጥ ቆረጥ እያለ። “ጭንቅላትዎ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶችም እንዲሁ ናቸው። አብረው ከሄዱ ድምፃቸው ይሰማል። ከተበታተኑ ይጠፋል፤ የጠፋበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ባንደኛው ምስል ላይ ‘ዙር’ ብዬ ሰብስቤያቸዋለሁ፤ ጥቁሩ ትንሽ ሆነ። በሁለተኛው ‘ዙር’ ሳልል፣ እንደተበተኑ ነው ያዳመጥኳቸው፤ ጥቁሩ ሰፋ። የተለያየው ጥያቄው ነው።”

ሻምበል ከዘራውን ዝቅ አደረገ። ቁጣው ከፊቱ ሲወርድ አየሁት።

“የሚበትናቸው ማነው?”

“ርምጃቸውን የሚያለያይ ነገር። ብዙ ጊዜ ብረት ነው።”

“የጀርባዬ?”

“እሱ ሩቅ ነው። እዚያው ጭንቅላት ውስጥ ያለ ነው። ደም ራሱ ብረት አለው፤ አንድ ቦታ ፈስሶ ከከረመ ብረቱ እዚያ ይቀራል። ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። ማንበቡ የዶክተሩ ነው።”

“ቆይ” አለ ሻምበል። እሷን እንደሚመስል ያወቀ አይመስለኝም። “‘ዙር’ ብለሽ ሁሉን ከሰበሰብሽ፣ ትንሿ ጥቁር ለምን ቀረች?”

ሎኮ ፊቷ በራ። “አሁን ወይዘሪት ለምን ማናት?” አለችው። “ይድገሙት።”

ደገመው። “ወደ ፊት... ሂድ!” ባሻ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ በር ላይ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ሰልፉን ትቶ ሊከፍት ሮጠ። “ወደ ኋላ... ዙር!” እኔና ሎኮ መስመሩ ላይ ደረስን። ባሻ በሩን ይዞ ከሹፌሩ ጋር ይጨቃጨቃል።

“ባሻ የለም!” አለ ሻምበል።

“መንገድ ላይ ርምጃውን የቀየረ አይመለስም” አለች። “ብረቱ አጠገብ የሚዋልል ውሃ ርምጃው ይለዋወጣል። ትንሿ ጥቁር እሷ ናት።”

ሻምበል ሳቀ። ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

ሐኪሙ ሲጠራን የሎኮ ሥራ አብቅቷል። እሱ እንዲህ አለ፦ ዕጢ አይመስለኝም፤ የቆየ የደም መፍሰስ ነው፤ እንዲከፈት አልመክርም። የሚጥለውን የሚያቆም መድኃኒት ይጀምር። ግን እርግጠኛ የምሆነው ከወራት በኋላ በዚያው ማሽን ደግሜ ሳየው ነው። ካደገ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ይከፈታል።

እነዚያን ወራት ነገሌ ሆነን ጠበቅን። ወፍጮው ተዘጋ። አላንቀጠቀጠውም፤ የቀኝ እጁ ግን ከደረቱ በላይ አልነሳ አለ። ሻምበል ከዘራውን በግራው ይዞ እስከ ወፍጮ ቤቱ ይሄድና በሩን አይቶ ይመለሳል። ስለ ጭንቅላቱ አላወራንም። ስለ ጀርባውም አላወራንም። ሳጥበው ግን እጄ እዚያች ቦታ ሲደርስ እንደ ድሮው ጀርባውን አያጠነክርም።

ቀኑ ደርሶ ሐዋሳ ሄድን። ሎኮ ያው ነበረች። እንደገና አስገባችው። ድምፆቹን አንድ በአንድ ለየኋቸው፤ ቀጭኑ ሲመጣ “ዙር የማይባልበት ይሄ ነው” አልኩ ለራሴ።

ሐኪሙ የድሮውንና የአዲሱን ጎን ለጎን አድርጎ ለካ። ሎኮ ግድግዳው ጋ ቆማ ነበር። ያንን ምርመራ ጨርሳ የዓመት ፈቃድ ወጥታለች፣ የዱብሉቅ መኪናዋ ሊሄድባት ነው፤ ቦርሳዋ እግሯ ሥር ተቀምጧል።

“አላደገም” አለ ሐኪሙ። “አይከፈትም።”

“እጄስ?” አለ ሻምበል።

“እጅዎ ከዚህ ብዙ የሚሻሻል አይመስለኝም፣ አባቴ።”

ሻምበል ራሱን ነቀነቀ። ከወንበሩ በቀስታ ተነሳ፤ ከዘራውን ለኔ ሰጠኝ።

“ነይ እስቲ፣ ልጄ” አላት።

ሊመርቃት ነው። ቀኝ እጁን ራሷ ላይ ሊያሳርፍ አነሳው፤ ደረቱ ላይ ደርሶ ቆመ። በግራው መመረቅ አልፈለገም። እንደገና ሞከረ፤ እዚያው ቆመ። እኔ ክንዱን ልደግፍለት ከወንበሬ ተነሳሁ።

ሎኮ ቀደመችኝ። ጎንበስ አለች፤ አልበቃም። በጉልበቷ ተንበረከከች፣ ራሷ ከእጁ ሥር እስኪገባ። መዳፉ ፀጉሯ ላይ አረፈ። ምን ብሎ እንደመረቃት አልሰማሁም፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

ሲጨርስ ተነሳች። ጉልበቷን አራገፈች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ “ናጋቲ” ብላ ተሰናበተችን፣ ወጣች።